ከአቃቂ እስከ ሆሎዌይ፦ በቤታችን ራዲዮ የማዳመጥ ታሪክ



ባለፈው ወር ከትምህርት በኋላ፣ ልጆቹ ኮታቸውን እስኪለብሱ፣ አንድ አባት ወደ እኔ መጥተው ከቦርሳቸው አንድ ከባድ ነገር አወጡ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት፣ በፊት የባቡር ሠራተኞች ይነጋገሩበት የነበረ ራዲዮ ነው። ቤታቸው ወደ ኪንግስ ክሮስ ከሚገባው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ የባቡር ነገር ሲነሣ እንቅልፍ የለውም። «ማታ ማታ አብረን ቁጭ ብለን ሾፌሮቹ የሚነጋገሩትን ብንሰማበት ብዬ ነው፤ ይሠራ ይሆን?» አሉኝ።

መልሱ አጭር ነው፤ አይሠራም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የሽቦ አልባ ግንኙነት ሕግ መሠረት፣ ለሕዝብ ያልተሰራጨንና ለእኛ ያልተላከን የራዲዮ መልእክት ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ ማዳመጥ ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖርም ደግሞ ምንም አይሰማም። እዚህ አገር ባቡሮች የሚነጋገሩት ጂ ኤስ ኤም-አር በሚባል፣ ከሞባይል ስልክ ጋር በሚመሳሰል ዲጂታል መስመር ነው፤ አሮጌው ራዲዮ ቢከፈት ሽሽሽ ከማለት አያልፍም።

አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የባቡር ኩባንያዎች ዛሬም በአብዛኛው 160 እና 161 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በግልጽ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ ማዳመጡም በጥቅሉ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ከባቡር ላይ የወረዱ አሮጌ ራዲዮኖችን እየገዙ፣ ጠግነው ቤታቸው የሚያስቀምጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ራዲዮኑ የተሠራው በባቡር ላይ 72 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ እንዲበላ ስለሆነ፣ ለቤት እንዲሆን የኃይል ማስተካከያ ይሠሩለታል። ከሞተር ጩኸት በላይ እንዲሰማ የተሠራ ነውና ድምጽ ማጉያው ቤት ውስጥ ሲከፈት ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያዎቹ ይበልጥ ጠባብ በሆነ ሞገድ እንዲጠቀሙ ሲያስገድድ፣ የድሮዎቹ ራዲዮኖች ከሥራ ወጡ፤ ብዙዎቹም እንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ገቡ።

የኚህ አባት ጥያቄ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ሳሎን ገብቶ ቤተሰብ ሲሰበስብ፣ ይህ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። የእኛም ራዲዮ እንደዚያው ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ለትእዛዝና ለቴሌግራም፣ በኋላ ለእናትና ለልጅ። መነሻውም፣ ደስ ሲል፣ ባቡር መንገድ አጠገብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

በነገራችን ላይ፣ «ጣቢያ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በአማርኛ ባቡር የሚቆምበትም ጣቢያ ነው፣ ራዲዮ የሚሰራጭበትም ጣቢያ ነው፣ ፖሊስ የሚያስርበትም ጣቢያ ነው። እንግሊዝኛውም ሦስቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ልጆቻችን ይህን ቃል ሲማሩ አይቸገሩም። እኔ ክፍል ውስጥ ሦስቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጌ አሳያቸዋለሁ። ሦስቱም ጣቢያዎች ከዚህ በታች ባለው ታሪክ ውስጥ ይገባሉ።

የምድር ባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ነው። ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ግን ጊዜ ፈጅቶ በ1909 ነው ለገሃር የደረሰው። በአጠቃላይ 784 ኪሎ ሜትር ነጠላ ሐዲድ። ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ የአንዱ ጣቢያ ሹም ለሚቀጥለው ጣቢያ ሳይነግር ባቡር መልቀቅ አይችልም። ስለዚህ ከሐዲዱ ጎን ሽቦ አለ፤ በሽቦው ላይ ወሬ አለ። ለብዙ ኢትዮጵያዊ፣ ሩቅ ያለ ሰው ድምፅ በማሽን ሲመጣ መጀመሪያ ያየው በስልክና በቴሌግራም ቤት ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት የሚናገረው በነጋሪት ነበር፤ ዐዋጅ ነጋሪው ገበያ መሐል ቆሞ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ ይል ነበር። ሰሚው ሌላውን የማሰማት ግዴታ አለበት ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ራዲዮ ሲመጣ ይህ ልማድ አልጠፋም።

ከለገሃር ወደ ጅቡቲ ስትወርዱ ወዲያው የምታገኟት አቃቂ ናት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ትልቅ የሽቦ አልባ ጣቢያ የቆመው እዚያ ነው። የሠራው አንሳልዶ የሚባል የኢጣሊያ ኩባንያ ሲሆን ሥራው የተጠናቀቀው በ1927 ነው፤ በዚያ ዘመን ከባድ ዕቃ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በዚሁ ባቡር ነበር። ጣቢያው በመጀመሪያ የታሰበው ለቤተሰብ ሙዚቃ አይደለም፤ ከውጭው ዓለም ጋር ቴሌግራም ለመለዋወጥ ነው። ግን ጊዜው ምን ጊዜ ነበር? ኢጣሊያ ጦሯን በኤርትራና በሶማሊያ እያከማቸች ነው። ኢጣሊያኖች በሠሩት ጣቢያ፣ ኢጣሊያ ልትወረን ነው ብለን ለዓለም ተናገርን። በ1928 መግቢያ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸው ከአቃቂ ተነሥቶ አውሮፓና አሜሪካ ተሰማ፤ እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ተናገሩ። አዲስ አበባ የነበሩት የውጭ ጋዜጠኞች ወሬያቸውን የሚልኩትም በሽቦ አልባ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከእሱም ጋር የራዲዮ ሌላው ፊት። አየር ላይ የተለቀቀ ነገር የላኪው ብቻ አይደለም፤ ማንም ጆሮ ያለው ይሰማዋል። የኢጣሊያ ጦር የኢትዮጵያን የራዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። በመጋቢት 1928 ማይጨው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ለማጥቃት ሲነሡ ባዶሊዮ እየጠበቃቸው ነበር ማለት ይቻላል። ለእናንተ ያልተላከን መልእክት አታዳምጡ የሚለውን የእንግሊዝ ሕግ ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። መስማት እንዲህ ንጹሕ ሥራ ብቻ አይደለም። አማርኛችንም ይህን አውቆ ሰላዩን «ጆሮ ጠቢ» ብሎታል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 26 ቀን እዚሁ ለንደን፣ ዋተርሉ ጣቢያ ከባቡር ሲወርዱ ብዙ ሕዝብ ተቀበላቸው። ልጆቻችሁ ዋተርሉን ያውቁታል፤ ግን ይህን አያውቁም። እዚሁ ሰፈራችን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሆሎዌይ አሁን የተዘጋ የሴቶች እስር ቤት ነበር። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ደጋግማ እዚያ ከታሰሩት አንዷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። ለእኛ የቆመችው፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ያወጣችው፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ኖራ ቅድስት ሥላሴ የተቀበረችው እሷው ናት። የጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም ቀን እ.ኤ.አ. ሜይ 5፣ 1936 ነው፤ አዲስ አበባ በተያዘችበት ቀን ማለት ነው። ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን በዚያ መንገድ ከልጅ ጋር የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ይህን ሳይነግረው ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ።

ከነጻነት በኋላ ራዲዮ ቀስ እያለ ከመንግሥት ቢሮ ወጥቶ መጀመሪያ በአደባባይ ድምጽ ማጉያ፣ ከዚያ በየቡና ቤቱ፣ ከዚያ በሀብታም ሳሎን፣ በመጨረሻም ትራንዚስተር ሲመጣ በእያንዳንዳችን ቤት ገባ። ከመካከላችሁ ዕድሜያችሁ ከእኔ የሚጠጋ ታስታውሱታላችሁ። ፊሊፕስ ወይም ግሩንዲግ ወይም ናሽናል ይሆናል። ከቡፌው ላይ፣ እጅ እንዳይደርስበት፣ እናት የጠለፈችው ጨርቅ ተደርጎበት ይቀመጣል። መብራት የሌለበት ቤት በድንጋይ ነው የሚሠራው። ባትሪን «ድንጋይ» እንደምንል ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ስናገር ሳቃቸውን አይችሉትም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ይነክሰዋል። እውነት ለመናገር ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ይዘራበታል።

ራዲዮ ያለው ቤት ለሌለው ጎረቤት ያሰማል። ያ የነጋሪቱ ልማድ ነው፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። ዜና ያመለጠው ሰው በነጋታው «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሰማው ሰው ቃል በቃል፣ የአንባቢውን ድምፅ እያስመሰለ ጭምር ይነግረዋል። ከዚህ ሁሉ የላቀው ግን «ከመጻሕፍት ዓለም» ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲያነብ፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጆች ያውቋቸው ነበር። መጽሐፉን ሳይገልጡ መጽሐፉን የጨረሱ ሰዎች ነበሩን። በእኔ አስተያየት አማርኛን በቤት ውስጥ ከማሳደግ አንጻር ያንን የመሰለ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የእኛን የቅዳሜ ክፍል ጨምሮ።

አገር ውስጥ ያለው ጣቢያ ብቻ አልነበረም። በየካቲት 1955 ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ነው፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ስርጭቱም ከኢትዮጵያ አልፎ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ በብዙ ቋንቋ ይሄድ ነበር። ሰው የሚወደው ስብከቱን ብቻ አይደለም፤ ዜናውን፣ የጤናና የትምህርት ዝግጅቱን ነው። በመጋቢት 1957 የጀርመን ድምፅ ከኮሎኝ በአማርኛ ጀመረ፤ የጀርመኖቹ ማሰራጫ ጣቢያ ሩዋንዳ ኪጋሊ ላይ ስለቆመ ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1975 መግቢያ ላይ መጣ። (ቢቢሲ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው፣ የአማርኛ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. እስከ 2017 አልጀመረም። ለምን እንደዚያ እንደዘገየ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው። ልጆቻችን የማያውቁትና እኛም ብዙ ጊዜ የማንነግራቸው ክፍል።

በአገራችን ራዲዮ ጣቢያ የያዘ መንግሥት ያዘ። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ አልጋ ወራሹ መግለጫ ሲያነቡ የሰማው ሕዝብ ነገሩን ያወቀው ከራዲዮ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 የንጉሠ ነገሥቱን መውረድ የሰማነው በራዲዮ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ የኅዳር ጠዋት፣ የስድሳ ሰዎች መገደል የተሰማው በራዲዮ ነው። በመጋቢት 1969 ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ፤ ማሰራጫው ያው፣ ድምፁ ሌላ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጠዋት ራዲዮ የሚከፈተው ሙዚቃ ለመስማት አልነበረም። ሰው ስም እንዳይሰማ እየፈራ ይከፍት ነበር።

ስለዚህ እውነቱን የፈለገ የውጭውን ጣቢያ ፈለገ። ያንንም በፍርሃት። ቀበሌው አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። እኛ ቤት የነበረው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ማታ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል እናቴ መስኮቱን ትዘጋለች፤ እኔ በር ላይ እቆማለሁ፤ አባቴ ራዲዮኑን ከቡፌው አውርዶ ጭኑ ላይ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። ሲያበቃ ደግሞ መርፌውን ወደ አዲስ አበባ ጣቢያ ይመልሰዋል፤ ድንገት ሰው ቢገባ፣ ራዲዮኑን ቢከፍተው፣ የት ላይ እንደነበር እንዳያውቅ። ያ መርፌ መመለስ ነው እስካሁን ዓይኔ ላይ ያለው። ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ነገር እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መስኮቱ ወይም ሰዓቱ ይለያይ እንጂ።

ይህን ለምን አነሣሁት? ከተማሪዎቼ አንዷ፣ «አያቴ ዜና ሲጀምር ለምን ድምፁን ትቀንሳለች? ሌላው ሰው ይጨምራል እኮ» ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ የማንንም ቀበሌ የማይፈሩ ሴት ናቸው። እጃቸው ግን ያስታውሳል። ልጅቷ የጠየቀችው ጥሩ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚያውቁት ግን እኔ ሳልሆን አያቷ ናቸው።

ለመሆኑ ያ ድምፅ እዚህ ድረስ እንዴት ይደርስ ነበር? ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ፀሐይ አየሩን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደረገችበት ድርብርብ ሽፋን አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ሄዶ ያንን ሽፋን ሲነካ ተመልሶ ወደ ምድር ይጎነበሳል፤ ከምድር ይነጥርና እንደገና ይወጣል። ኳስ ግድግዳና መሬት ላይ እየነጠረ እንደሚሄድ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ለንደን 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሦስት ንጥረት ይበቃዋል። ሽፋኑ ማታና ቀን ስለሚለዋወጥ የሚመቸው ሞገድም ይለዋወጣል። ቀን 19 ወይም 16 ሜትር ባንድ ይሻላል፤ ሲመሽ 31፣ ከዚያ 41 እና 49። አስተዋዋቂው በስርጭቱ መግቢያ ላይ «በ31 ሜትር ባንድ» እያለ ቁጥሩን የሚደረድርልን ለዚህ ነበር። ድምፁ እንደ ባሕር ማዕበል የሚመጣውና የሚሄደው ደግሞ አንዱ ሞገድ ከሌላው ጋር በተለያየ መንገድ መጥቶ ሲጋጭ ነው። ስሙ ፌዲንግ ነው፤ አባቴ ግን «ወሰደው፣ መለሰው» ነበር የሚለው።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን የገቡ ወገኖች ይህን ሁሉ ይዘው መጡ። የጀርመን ድምፅ በኢትዮጵያ ማታ አንድ ሰዓት ማለት እዚህ ክረምት ላይ አራት ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፣ በበጋ አምስት። የአሜሪካው የኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ማታ፣ እዚህ ስድስት ወይም ሰባት። (ይህን የሰዓት ሒሳብ ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጥያቄ የለም።) ስርጭቱ ያነጣጠረው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንጂ ወደ ካውንስል ፍላት አልነበረም። ስለዚህ ሽቦ ከመስኮት ወደ ልብስ ማስጫው ይዘረጋል፤ ራዲዮኑ ይዞራል፤ አንድ ሰው እጁን አንቴናው ላይ አድርጎ እንዲቆም ይፈረድበታል፤ እጁን ሲያነሣ ድምፁ ይጠፋልና። በግንቦት 1983 ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ሲሄዱ፣ የሰላም ጉባኤው የተቀመጠው እዚሁ ለንደን ነበር። ጉባኤው በተጀመረ በማግሥቱ፣ ግንቦት 20፣ የአዲስ አበባ ራዲዮ በሌላ እጅ ሆነ። በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ የሚሆነውን ነገር እኛ በ5,900 ኪሎ ሜትር በኩል፣ በሚመጣና በሚሄድ ድምፅ ለመስማት እንጥር ነበር።

ያ ማዳመጥ ሥራ ነበረው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ዛሬ ስልክ ላይ አማርኛ ሞልቷል፤ ልጁ ካልገባው ያሳልፈዋል። በአጭር ሞገድ ግን የጠፋችውን ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ገምተህ ትሞላለህ። «መንግሥት … አስታወቀ» ብሎ መካከሉ ቢጠፋ፣ ቤት ያለው ሁሉ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ መካከሉን ይሞላል፤ ክርክርም ይነሣል። ከቤተሰብ መካከል ቋንቋውን ያልጨረሰው ትንሹ ልጅ እንኳ በዚያ ክርክር ውስጥ ቃል ይለቅማል። እዚህ አድገው አማርኛቸው ያልጠፋ አንዳንድ ወጣቶችን ስጠይቃቸው፣ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ራዲዮ እንደነበረ ይነግሩኛል። ምርምር አይደለም፤ ከጥቂት ሰው የሰማሁት ነው። ግን ደጋግሜ ስለሰማሁት ጻፍኩት።

ራዲዮ ለኑሮ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚያዳምጡም አሉ፤ መጀመሪያ የጠቀስኳቸው የባቡር ራዲዮ ወዳጆች የእነዚህ ዘመድ ናቸው። እንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የወረዱ አር 1155 የሚባሉ መቀበያዎች እዚሁ ለንደን፣ ሶሆ ውስጥ ሊስል ስትሪት ላይ በርካሽ ይሸጡ ነበር፤ አንድ ትውልድ ሙሉ በእነሱ ሩቅ አገር ማዳመጥ ተማረ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሩቅ ጣቢያ ሲሰሙ የሰሙትን ቀን፣ ሰዓትና ይዘት ጽፈው ይልካሉ፤ ጣቢያው ደግሞ ኪው ኤስ ኤል የሚባል የማረጋገጫ ካርድ ይመልስላቸዋል። የብሥራተ ወንጌል ካርድ፣ ኢ ቲ ኤል ኤፍ ከሚለው መለያው ጋር፣ በብዙ ፈረንጅ አልበም ውስጥ አለ። በአገራችንም የአማተር ራዲዮ ማኅበር አለ፤ የክለቡ ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ተማሪዎች እዚያ ገብተው ከዓለም ጋር ይነጋገራሉ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮችም ኢትዮጵያን ሲያገኙ ብርቅ ይሆንባቸዋል።

ሆሎዌይ ራሷም በዚህ ታሪክ ትንሽ ድርሻ አላት። ሆሎዌይ ሮድ ቁጥር 304 ከፎቁ ላይ ጆ ሚክ የሚባል ሰው ስቱዲዮ ነበረው፤ በአየር ኃይል ውስጥ የራዳር ሥራ የተማረ፣ ሽቦና ድምፅ ሲነካካ የሚውል ሰው። እ.ኤ.አ. በ1962 ቴልስታር የምትባለው ሳተላይት በተላከች በጥቂት ሳምንት ውስጥ በስሟ ሙዚቃ ቀዳ፤ በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። ግድግዳው ላይ ምልክት አለ። በአውቶቡስ ስታልፉ ለልጆቹ አሳዩአቸው።

አሁን ወደ ሥራችን። የድሮ ራዲዮ ቤታችሁ ካለ አምጡት፤ በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል አብረን እናየዋለን። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ውስጡ የመስታወት ቲዩብ ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ አሮጌ ራዲዮ ከሆነ ልጁ የኋላውን ክዳን እንዳይከፍት፤ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። ለረጅም ዓመት ያልተከፈተ ከሆነም እናንተም አትሰኩት፤ ባለሙያ ይየው። ትራንዚስተር ከሆነ ግን ያረጀ ድንጋይ ውስጡ ፈሶ እንደሆነ እዩና አዲስ አድርጉበት። ቤት ውስጥ ስትሞክሩት ዋይፋይ ሳጥኑንና የኤል ኢ ዲ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ከመሸ በኋላ ሞክሩ። የዘመኑ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ከደርግ ጃሚንግ የባሰ ነው፣ ይህን ያልኩት ለቀልድ ነው። ለሕዝብ የሚሰራጭ ጣቢያ ማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እዚህ አገር የራዲዮ ፈቃድ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ1971 ቀርቷል።

ራዲዮ ለሌላችሁ፣ ልጁ አያቱን ወይም እናንተን ይጠይቅና በአማርኛ አሥር መስመር ጽፎ ያምጣ። እናንተ አትጻፉለት። ጥያቄዎቹን በሰሌዳ ላይ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፦ ራዲዮኑ የማን ነበር፣ የት ይቀመጥ ነበር፣ ማን እንዲነካው ይፈቀድለት ነበር፣ ስንት ሰዓት ላይ ይከፈት ነበር፣ ድምፁ ከፍ ነበር ወይስ ዝቅ፣ ሲያበቃስ መርፌው የት ላይ ይተው ነበር። አያቶች በስልክ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ካሉ፣ እሑድ ከሰዓት ደውሉላቸው፤ ሦስት ሰዓት እንደሚቀድሙን አትርሱ፣ በበጋ ደግሞ ሁለት።